የእትዬ የሽወርቅ ማሳና የእኔ ሰርዶ

በምሥራቅ ጎጃም ከእኔ የበለጠ ሰርዶ የነቀለ የግብርና ባለሙያ የለም። የነቀልኩት ቢከመር ከጮቄ ተራራ ጋር ትከሻ ይለካካል። ለጀማሪ ባልደረቦቼ ስናገር የኖርኩት ይህንን ነው።

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ደብረ ኤልያስ አካባቢ፣ በሚያዝያ ነበር። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ተብዬ፣ አዲስ ቦት ጫማ አድርጌ ደረስኩ። የጣቢያው ኃላፊ ወደ እትዬ የሽወርቅ ላከኝ። ባላቸው ሞተው፣ የዓመት ቀለባቸው ከአንዲት የጤፍ ማሳ የሚወጣ ሴት ናቸው። ማሳው ዳር ከእርሻው የለቀሙት ሰርዶ ተከምሯል።

"ይኼን ምን ሊያደርጉት ነው?"

"ሲደርቅ አቃጥለዋለሁ።"

"ማቃጠልማ ማባከን ነው፤ ብስባሽ እናደርገዋለን።"

መጀመሪያ ቦት ጫማዬን፣ ቀጥሎ ፊቴን አዩ። "ልጄ፣ ሰርዶ ቢቀብሩት አይሞትም እኮ። ከአንዷ አንጓ አንድ ጎረምሳ ይወጣል።"

"ጉድጓድ ውስጥ ይበሰብሳል፤ ተምሬዋለሁ" አልኩ። ሰርዶው ግን አልተማረም።

ጉድጓድ ቆፍረን ሰርዶውን ከተትነው። ብስባሽ ደጋግሞ ይገላበጣል፤ ውስጡ እጅ እስኪፋጅ መጋል አለበት። እኔ አንዴ ገላበጥኩና በቃኝ። በሰኔ ማሳው ላይ በተንነው፤ ማረሻው ደግሞ ሥሩን ቆራርጦ ለየትልሙ አዳረሰው።

በነሐሴ ከወረዳ የመጡ ተቆጣጣሪ መንገድ ላይ ቆመው፣ "ይህ ልምላሜ የማን ሥራ ነው?" አሉ።

"የእኔ" አልኩ ፈጥኜ።

እትዬ የሽወርቅ ከጎኔ ነበሩ። "እውነቱን ነው፣ ጌታዬ። ጤፉ የእኔ ነው፣ ልምላሜው የእሱ። በሬዎቼም አመስግነውታል።"

ሰውየው ሳይገባቸው ስቀው ሄዱ። እትዬ የሽወርቅ ጎንበስ ብለው አንድ ጭብጥ ነቀሉና አሳዩኝ፤ ሦስት ዘለላ ጤፍ፣ የቀረው ሰርዶ። "ይህ ካልታረመ ዓመቱን ምን እበላለሁ?" አሉኝ። አሁን አልቀለዱም።

ጎረቤት በደቦ ጠሩ። እኔም ቦት ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። አራት ቀን ታረመ፤ የጤፉ ግማሽ ተረፈ። እስከ መስከረም ሲያገኙኝ፣ "ጎረምሶችህ ደኅና ናቸው?" ይሉኝ ነበር።

ሰርዶ በበጋ ይታረሳል፤ ሥሩ ተለቅሞ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ ይቃጠላል። እሳቸው በመጀመሪያው ቀን የነገሩኝ ይህንኑ ነበር።

አራት ቀን ታረመ አልኩ እንጂ፣ እኔ ያረምኩት አንዱን ቀን ብቻ ነው። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ "ወገቤን አመመኝ" ብዬ ቤቴ ተኛሁ። ወገቤን አላመመኝም ነበር።