ያለ ኮምፕሬሰር አልሄድም

ባለቤቴ መኪናችን ላይ ኮምፕሬሰር የገጠመ ጊዜ ቆሽቴ ያረረውን ያህል በሕይወቴ አርሮ አያውቅም። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ነገር አናዶኛል፤ የጅቡቲ ሙቀት ሰው ሳይጨመርበት ራሱ ያናድዳል። ያ አንድ ሳምንት ግን ለብቻው ነው። ግቢያችን ውስጥ ኮፈኗን ከፍታ የቆመች መኪና፣ ሥሯ የተጋደሙ ሁለት ወንዶች፣ ልብስ ማስጫ ገመዴ ላይ የተንጠለጠለ ዘይት የጠጣ ቱቦ፣ ሳፋዬ ውስጥ የተዘፈዘፈ ብሎን። ልብስ የት ልጠብ ሳይሆን የት ላጥብ? ብዬ ብጠይቅ የሚመልስልኝ እንኳ አልነበረም።

መኪናዋ አሮጌ ላንድክሩዘር ነች። ባለቤቴ አሥራ አንድ ዓመት ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ተሳቢ ሲነዳ ኖሮ፣ አሠሪው መኪኖቹን ሸጦ ሲገላገል፣ በእጁ ያለችውን አሟጦ የገዛት ናት። ሐሳቡ ፈረንጆችን ወደ አሳል ሐይቅ ማመላለስ ነበር። ሐሳቡስ ጥሩ ነው፤ ፈረንጆቹ ግን አርሂባ ሰፈር ውስጥ የተሳቢ ጥሩምባ እየሰማን የምንኖረውን እኛን ከየት ያውቁናል? አራት ወር ሙሉ መኪናዋ ቆማ ሥሯ ድመት ወለደች።

በአራተኛው ወር ባለቤቴ ከማዕከላዊ ገበያ አንዲት ባለ አምስት ሊትር ቢጫ ጀሪካን ይዞ መጣ። በሎሚና በአሸዋ አጠባት፤ ክዳኗ እንዳይጠፋ በሲባጎ አሠረ፤ ከዚያ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ሰቀላት። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለች ጀሪካን ምን ማለት እንደሆነች የማያውቅ የለም። ከሀገር ቤት በእግራቸው የሚመጡት ወጣቶች በደጃችን የሚያልፉት እሷን አንጠልጥለው ነው። ወደ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ እግዜር ካለ ወደ ሳዑዲ።

«እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራ ካልተገኘ እሻገራለሁ» አለኝ።

አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። ዋና አይችልም። ባሕር ዳር ስንሄድ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ የሚገባ ሰው ነው እሻገራለሁ የሚለኝ! ጮኽኩበት። ጀሪካኗን ከምስማሩ አውርጄ ግቢው ውስጥ ወረወርኳት። ምንም ሳይናገር አንስቶ፣ አቧራዋን አራግፎ፣ መልሶ ሰቀላት። ያኔ ፈራሁ። የሚጮህ ወንድ አያስፈራኝም፤ አባቴም ጯሂ ነበር።

በዚያው ሳምንት ስልክ ተደወለ። ደዋይዋ የአሳልን ጨውና ድንጋይ የምታጠና ፈረንሳዊት ናት፤ ቁጥራችንን ያገኘችው ድሮ ምግብ እሠራለት ከነበረው ፈረንሳዊ አስተማሪ ነው። በቤታችን ፈረንሳይኛ የማውቅ እኔ ነኝ። ባለቤቴ አማርኛና ሱማሊኛ ይበቃዋል፤ እኔ ግን ሰባት ዓመት እዚያ ሰውዬ ማድ ቤት ቆሜ የለቀምኩት ቋንቋ አለኝ፤ በሱም እኮራ ነበር። ስለ ሽንኩርትና ስለ ምድጃ ከሆነ ማንም አይረታኝም። ሴትዮዋ ግን ስለ ሽንኩርት አልጠየቀችኝም። መስመሩ ይቆራረጣል፤ ደጅ አንዱ ተሳቢ ጥሩምባውን ይለቀዋል። ሦስት ወር የሚዘልቅ ሥራ እንዳላት፣ በሳምንት አራት ቀን እየተመላለሰች እንደምትሠራ ገባኝ። ከዚያ ስለ ኮምፕሬሰር አነሳች። ያለፈው ሾፌር ኮምፕሬሰሩ ሞቶበት፣ በረሃ መሐል ያለ አየር ቀርታ እንደነበር ነገረችኝ።

«ያለ ኮምፕሬሰር አልሄድም» አለች፤ ይቺን ጥርት አድርጌ ሰማኋት።

«ችግር የለም ማዳም፤ ለቅዳሜ ይደርሳል» አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ ለባለቤቴ ተረጎምኩለት፦ «ጎማ የሚነፋ ኮምፕሬሰር መኪናዋ ላይ ካልገጠማችሁ አልሄድም ትላለች።»

ፊቱ በራ። «እውነቷን ነው! አሸዋ ላይ ስትገቢ ጎማውን ታስተነፍሻለሽ፤ አስፋልት ላይ ስትወጪ መልሰሽ ካልነፋሽው ይቀደዳል። በረሃ የምታውቅ ሴትዮ ናት» አለ። ያን ቀን ከአራት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳውን ጠርጎ በላ።

መጀመሪያ ከገበያ አንዲት በሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ የምትሰካ ትንሽ ፓምፕ አመጣ። የመጀመሪያውን ጎማ ግማሽ እንደነፋች ጨሰች። ከዚያ ሄዶ ጋሼን ይዞ መጣ። ጋሼ ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር መካኒክ ነው፤ ባቡሩ ከቆመ ወዲህ አሮጌው ጣቢያ አጥር ጥላ ሥር ተቀምጦ ይውላል። የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የባቡር ፍሬን ሲጠግን ኖሯል። በምንም ይጀምር በምን ወሬውን የሚጨርሰው «ባቡር የሚቆመው በንፋስ ነው» ብሎ ነው። የተቃጠለችውን ፓምፕ በሁለት ጣቱ አንስቶ አየና ጣላት።

«ንፋስ ሰሪው ኮፈናችሁ ሥር ተቀምጦ እናንተ ገበያ ትዞራላችሁ?» አለ። በመፍቻው የነካው የማቀዝቀዣውን ኮምፕሬሰር ነው። ጋዝ የጨመቀ ንፋስ መጭመቅ አያቅተውም፤ ጋዙን ማፍሰስ፣ ቱቦዎቹን መቁረጥ፣ በአንዱ በኩል ማጣሪያ፣ በሌላው በኩል ታንክ፣ አለቀ።

«ቅዝቃዜውስ?» አልኩ።

ያቺ መኪና ያላት አንድ ደህና ነገር ቅዝቃዜዋ ነው። መሪዋ ይንቀጠቀጣል፣ አንዱ በሯ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው፣ ወንበሯ ሽቦ አውጥቷል፤ ቅዝቃዜዋ ግን የሚኒስትር ነበር። ሙቀቱ ሲብስብኝ ሞተሩን አስነስቼ ውስጧ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት የላጥኩበት ቀን አለ።

«መስኮት አላት» አለ ባለቤቴ።

«ማዳሟስ?»

«ኮምፕሬሰር አለች እንጂ ክሊም አለች? አንቺው አይደለሽ የተረጎምሽው?»

እዚህ ሀገር የመኪና ቅዝቃዜን ሁሉም ሰው ክሊም ነው የሚለው። እውነትም ሴትዮዋ ክሊም የሚል ቃል ካፏ አልወጣም። ከበሩ ጀርባ ያለችውን ጀሪካን አየሁና ክርክሩን ተውኩት።

ሥራው ሁለት ቀን ይፈጃል ተባለ። ሁለት ቀን! የጋሼ ቀን ስንት ሰዓት እንደሆነ ማን ጠየቀ? ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ እጁን ታጥቦ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ስለ ባቡር አውርቶ አራት ሰዓት ይሆናል። ሰባት ሰዓት ላይ ደግሞ የጫት መኪኖች እየጮኹ ከተማ ይገባሉ። ያኔ መፍቻው ከእጁ ይወድቃል። ብሎኑ ግማሽ ጠብቆ ግማሽ ላልቶ ቢሆን ጉዳዩ አይደለም። አንድ ቀን «እስቲ ይቺን ያዢልኝ ልጄ» ብሎ አንድ ቱቦ አስያዘኝ፤ ወደ ላይ ገፍቼ ይዣለሁ፣ ዘይቱ በክንዴ እየወረደ እጅጌዬ ውስጥ ይገባል። የጫቱ መኪና ጥሩምባ ተሰማ። ጋሼ ተነሳ፣ ጫማውን አጠለቀ።

«ጋሼ! ቱቦውስ?»

«ነገ አለ፣ ልጄ» ብሎኝ ሄደ። ባለቤቴም ገበያ ወርዶ ነበርና እንደ ምሰሶ ቆሜ ቀረሁ። በኋላ በነጠላዬ ጫፍ አሠርኩት። ያቺ ነጠላ እስከ ዛሬ ዘይቷ አልለቀቀም።

እንዲህ እያልን ከተጣለ የጭነት መኪና የተፈታ የንፋስ ፍሬን ታንክ ከኋላ ወንበር ሥር ገባ። ጋሼ ከቤቱ በጨርቅ የተጠቀለለ የግፊት መለኪያ አመጣ፤ የባቡር ስለሆነ የሻይ ማቅረቢያ ሳህን ያክላል። ሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል በኩራት ተከለው። ትርፍ ንፋስ የሚተፋ ቫልቭም ገጠመለት። ድሮ ዘይቱን ከጋዙ ጋር ያገኝ የነበረው ኮምፕሬሰር ደርቆ እንዳይነክስ ደግሞ በየጠዋቱ በእጅ ዘይት ጠብ እንዲደረግለት ታዘዘ። ማስነሻውስ? ማስነሻው ያው የድሮው የቅዝቃዜ ቁልፍ ነው፣ የበረዶ ምልክት ያለባት። እሷን ስትጫን ንፋስ ይሠራል። ዓርብ ዕለት በስድስተኛው ቀን ታንኩ ሞላ፤ የመለኪያው ቀስት ተንቀጥቅጦ ወጣ፤ ቫልቩ ጮኸ። ሁለቱ ወንዶች ተቃቀፉ። እኔ ሳፋዬን ወስጄ መፈተግ ጀመርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማዳሟ በታክሲ መጣች። በዕድሜ ገፋ ያለች፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች፣ ደግ ፊት ያላት ሴት ናት። ፀሐዩ ገና ከጠዋቱ ጭንቅላት ይመታል። ጋሼም ሥራውን ሊያስመርቅ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ባለቤቴ በሩን ከውጭ ከፈተላት። ገብታ ተቀመጠች፣ ሞተሩ ተነሳ፣ መስኮቱን ዘጋችና ፈገግ ብላ የበረዶዋን ቁልፍ ራሷ ተጫነቻት።

ቀጭ! አለ ከኮፈኑ ሥር።

«አየሽ፣ ራሷ ታውቀዋለች!» አለኝ ባለቤቴ በደስታ። ጎማ መንፊያውን ቱቦ ይዞ ከመኪናው ፊት ሄደና ለማሳየት ፏ ፏ ያደርገው ጀመር። ማዳሟ መዳፏን የንፋሱ መውጫ ላይ ዘርግታ ትጠብቃለች። የሚወጣው ትኩስ አቧራ ነው። ከጉልበቷ አጠገብ የዚያ ሳህን የሚያክል መለኪያ ቀስት እየወጣ፣ እየወጣ ሄደና ቫልቩ ከወንበሯ ጀርባ ጮኸ። ሴትዮዋ ዘላ ልትወጣ አለች፤ ያ በር ደግሞ ከውስጥ አይከፈትም። ሮጬ ከፈትኩላት።

«ምንድነው ይሄ?» አለችኝ ደረቷን ይዛ።

«ኮምፕሬሰሩ ነዋ፣ ማዳም።»

«የክሊሙ ኮምፕሬሰርስ የታለ?»

ያኔ ገባኝ። ኮምፕሬሰር ያለችው የቅዝቃዜውን ነው። ያለ አየር ቀረሁ ያለችው እሷው ራሷ እንጂ ጎማዋ አይደለም። ዕድሜዬን ተሳቢ በሚነዱ ሰዎች መሐል ስለኖርኩ ኮምፕሬሰር ሲባል ጎሚስታ ቤት የሚያጓራው ነገር እንጂ ሌላ አይታየኝም። የፈለገችው መኪናችን ላይ ነበረ! ዝም ብንል፣ ምንም ባንነካ፣ የተሰቀለችውን ጀሪካን ምስማሩ ላይ ትተን ብንጠብቅ ሥራው የኛ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ማዳሟ አልተቆጣችም። ልቤ ደካማ ነው፣ ሐኪም ሙቀት ከልክሎኛል፣ አዝናለሁ ብላ ክንዴን ዳበስ አደረገችኝና በመጣችበት ታክሲ ተመለሰች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ምን አለች?» አለ ባለቤቴ። ቱቦው በእጁ ነው፤ ገና ይተነፍሳል።

«ሐሳቤን ቀይሬያለሁ አለች» አልኩት።

ዋሸሁ። አፈርኩ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ዘወር ስል ጋሼ ያየኛል። ለካ ዕድሜውን ከፈረንሳዮች ጋር የሠራ የባቡር ሰው ነው፤ ፈረንሳይኛ ከእኔ አሥር እጥፍ ያውቃል፤ ስልኩን እሱ ይስማ ያለ ግን ማንም አልነበረም። ሁሉንም ሰምቷል። ቀና ብሎ አየኝና ጫማውን ማሰር ጀመረ።

ባለቤቴ ቱቦውን ጠቅልሎ ቤት ገባ። ሲወጣ ጀሪካኗን ይዟል። ወደ በርሜሉ ሄዶ ውኃ ይቀዳባት ጀመር። ስትሞላ የምታሰማው ድምፅ እየቀጠነ ሲሄድ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ሳፋዬ ላይ አጎንብሼ ልብስ አሻለሁ። ስድስት ቀን ሙሉ ስጮህ የከረምኩ ሴት!

ደጃችን ላይ አንድ ተሳቢ እየተንፏቀቀ መጥቶ ቆመ። የፊት ጎማው ተንፍሶ ተቀምጧል። ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን በእርግጫ መታና፣ ወደ ግቢው ሲያይ የተጠቀለለው ቱቦ ላይ ዓይኑ አረፈ።

«ወንድም፣ ንፋስ አለህ እንዴ?»

ባለቤቴ ጀሪካኗን እንደያዘ ቆመ።

«አለው!» አለ ጋሼ ከተቀመጠበት። «ቀዳዳውን በአረፋ እንየው፤ አንቺ ልጅ፣ የሳሙና ውኃ!»

ሳፋው አጠገቤ ነበር። እኔ ግን ወደ ባለቤቴ ሄጄ ጀሪካኗን ከእጁ ነጠቅሁ፤ የኦሞውን ከረጢት በጥርሴ ቀድጄ፣ ያለውን ሁሉ ገለበጥኩባት። ክዳኗን ዘግቼ ወዘወዝኳት። አረፋው በክዳኗ ዳር ገንፍሎ ወጣ።

«ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ!» አለ።

«ሳሙና ነው የተባልኩት!»

አረፋውን ቆሞ አየው። እኔንም አየኝ። ከዚያ ጀሪካኗን ተቀበለኝና ወደ ጎማው ሄደ፤ ጎንበስ ብሎ ያፈስበት ጀመር። አረፋ የፈላበትን ቀዳዳ ጋሼ ደፈነው፤ ለዚያ ግዙፍ ጎማ ኮምፕሬሰሩ ሲያቃስት ብዙ ቆየ፤ ቢሆንም ሞላው።

ያ ሾፌር ለሌላው ነገረ፣ ሌላው ለሌላው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ በዚያች መኪና ተሳቢዎች በሚሰለፉበት እየዞረ ጎማ ይነፋል፤ አዲሱ ባቡር መጥቶም ተሳቢው አልጠፋም፤ እኛም ከዚሁ እንበላለን። ጋሼ አርፏል፤ ነፍሱን ይማረው፣ ምስጢሬን ይዞልኝ ሄደ። ጀሪካኗ ከመኪናዋ የኋላ በር ላይ ተንጠልጥላ ፀሐይ ቢጫነቷን ጨርሶባታል፤ ዛሬም የምትይዘው የሳሙና ውኃ ነው።

በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ያ እሳት የሆነ ንፋስ ሲነሳ፣ ባለቤቴ ያችን ማዳም መርገም ይጀምራል። ሰሞኑንም መስኮቱን እስከ ታች ከፍተን፣ አሸዋው ጥርሳችን ሥር እየተንቀጫቀጨ ስንሄድ፣ «ያቺ ሴትዮ ቃሏን ባትበላ ኖሮ ዛሬ ክሊም ያላት መኪና ይኖረን ነበር» አለኝ።

ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

«አዎ» አልኩት፤ መሐረቡን አቀበልኩት።