አባቴና የቪየና ቋሊማ

ከአትላንታ ወጣ ብሎ ሎረንስቪል፣ አንድ የገበያ ማዕከል ፓርክ አድርጌ ስወርድ የሚጠበስ ቋሊማ ሸተተኝ። የፈረንጅ ገና ደርሷል፤ የእኛ ጾም ግን አልተፈታም።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ በታኅሣሥ ቪየናንና ፕራግን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ቪየና በረዶው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ቱሪስቱ ሁሉ ትልቁን ካቴድራል ፎቶ ሲያነሳ አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ግድግዳውን ይሳለም ጀመር። ግንባሩን ድንጋዩ ላይ እንዳስደገፈ፣ እኔ አጠገቡ ካለው ድንኳን ቋሊማ ገዝቼ በሦስት ጉርሻ ጨረስኩት። ምላሴ ተቃጠለ።

ዞር ሲል የቋሊማው ሰናፍጭ ሻርፔ ላይ ነበር። አልተቆጣም። በመሐረቡ ጠረገልኝና፣

«መንገደኛ ቢበላ አይፈረድበትም፣ ልጄ» አለኝ።

«አንተስ መንገደኛ አይደለህም?»

«እኔ ለምጄዋለሁ» ብሎ ከካፖርቱ ኪስ ቆሎ አወጣ። ሁለቱንም ከተማ የጎበኘው በዚያ ቆሎ ነው።

ዛሬ ቋሊማውን ገዝቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ሰናፍጭም አስደርጌበታለሁ። እየቀዘቀዘ ነው። መንገደኛ ነኝ እንዳልል፣ ቤቴ ከዚህ አሥር ደቂቃ ነው።