የብስክሌተኛው ብልቃጥ

ይህን መጀመሪያ የነገረችኝ የንፋስ መውጫዋ ጠላ ሻጭ ብርቄ ናት። እኔ ብኖር ኖሮ ያን ብስክሌተኛ በበቅሎዬ እቀድመው ነበር፤ በቅሎዬን እስከ ስማዳ ድረስ ያውቋታል። ብቻ ሰውየው ካስመራ የመጣ ነው። እግሩን ሙልጭ አድርጎ ይላጫል፤ እኔ ጢሜንም እንዲያ ተላጭቼ አላውቅ። "አስመራ ለምን አትወዳደርም?" ሲሉት አንገቱን ይዞ የልቡን ትርታ ያዳምጣል። በጃንሆይ በዓል ውድድር አሸንፎ በሚሸለመው በግ ሊከፍላት፣ ብርቄ ቤት በዱቤ እየበላ ሰነበተ።

የውድድሩ ለታ ብልቃጥ አውጥቶ ሊጎነጭ ሲል ዳኛው አዩት።

"መድኃኒት ነው? መድኃኒት የጠጣ አይወዳደርም።"

"ኧረ ጸበል ነው፣ ጌታዬ።"

በኛ በጋይንት አገር ደግሞ ጸበል ይዞ ለብቻው የሚጠጣ የለም። ዳኛው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "እስቲ ለጉልበቴ" አሉት። ብርቄም ውድድሩን ሊያዩ የመጡት አሮጊቶችም ከኋላቸው ተሰለፉ። ለሱ ጠብታ አልተረፈውም። መጨረሻ ወጣ፤ ዳኛው እንኳ በእግራቸው ሮጠው ቀደሙት።

ሲመሽ ስለ ዕዳው ካፖርቱን አውልቆ ሰጣት። ብርቄ ግን መቀመጥ አቅቷት ጋኑን ሁሉ አጥባ ግድግዳውን ትለቀልቃለች።

"ልበሰው፣ ወንድሜ" አለችው። "የበላኸውን ምሬሃለሁ። ብቻ ያ ጸበል የየትኛው ታቦት ነው?"