ቦራን የፈታሁበት ጥዋት

ወንድሞችና እህቶች፣ ከባለቤቴ ከአያሌው ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የሠራነው ሥራ ከበሬያችን ከቦራ ላይ መዥገር መልቀም ነበር። ከሐይቁ ዳር አቁመነው እሱ ቀንዱን ይዟል፣ እኔ ከጆሮው ሥር እነቅላለሁ። «የእኔን ራስ እንዲህ ፈትሸሽልኝ ታውቂያለሽ? ከበሬ አነስሁ በቃ!» አለኝ። «አንተም ቀንበር ተሸከምና እፈትሽልሃለሁ» አልሁት። ሳቅን። በማግስቱ የአያሌው አንገት አልታጠፍ አለ።

ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ነው የመጣሁት። ቆሜ ስናገር እንባ ስለሚቀድመኝ ጽፌዋለሁ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እጄ ቀርፋፋ ነው፣ ታገሡኝ። ቤተ ጸሎታችን ከታሸገ ወዲህ ድምፅ ማሰማት አንችልምና «አሜን»ም ስትሉ በቀስታ በሉልኝ።

በዚያ ዓመት የማጅራት ገትር ወረርሽኝ የሐይቁን ዳር መንደሮች አዳረሰ። ገበያ ተዘጋ። ወተትና ቅቤ ይዞ ባሕር ዳር መግባት ቀረ። የሚያልብ ሰው ጠፍቶ ላሞቹ ሲጮኹ የሚውሉበት ቤት ነበር። ለቅሶ እንኳ ሰው እንዳይሰበሰብ ተከለከለ።

አያሌውና ጎረቤታችን አበጀ በአንድ ሳምንት ወደቁ። የአበጀ ሚስት ውዴ የጌታ ልጅ ነበረች። እኔ አልነበርሁም፤ «ጴንጤዋ» እያሉ ከሚስቁባት አንዷ ነበርሁ። ጭንቅ ሲመጣ ግን ግቡ ያልኋቸው እኔው ነኝ። እሷና አብረዋት የሚጸልዩ እህቶች ለሁለቱም ጸለዩ። የክሊኒኩ ድሬሰርም ለሁለቱም መርፌ ወጋ። «አንድ መድኃኒት ነው የሰጠኋቸው፤ የቀረው የእግዜር ነው» አለን።

አበጀ ተነሣ። አያሌውን ቀበርሁት።

ስሙ ይባረክና እውነቱን ልናገር። ልቤ ውስጥ የገባው ኀዘን ብቻ አልነበረም። ቅናት ነበር። የአበጀ ሳል በአጥር በኩል ሲሰማኝ ያንገበግበኛል። ውዴ ልብሱን አጥባ ስታሰጣ ፊቴን አዞራለሁ። በሽታው አንድ ጆሮውን አደንቁሮት ስለነበር ስታናግረው ትጮኻለች፤ «ኧረ ሳይቀዘቅዝ ብላ አንተ ሰው!» ትለዋለች። እኔ ደግሞ፣ የምትጮኽበት ባል አላት እያልሁ እቃጠላለሁ።

እኛ አንድ በሬ፣ እነሱም አንድ በሬ ነበረን። ቦራን ከእነሱ ዳልቻ ጋር አቀናጅተን የሁለታችንንም መሬት በተራ እናርስ ነበር። ዝናቡ ሲጀምር አበጀ መጣ። «እታለም፣ መሬቱ ርሷል፤ ቦራን ስጪኝና ካንቺ ልጀምር» አለኝ።

«ቦራ የአያሌው ነው። አያሌው ካልጠመደው አንተም አትጠምደውም» አልሁት። በደነቆረው ጆሮው በኩል ቆሜ ስለነበር አልሰማኝም፤ ጮኼ ደገምሁለት።

ቦራን ከግቢ አሰርሁት። ሣር እያጨድሁ አደለብሁት። ዳልቻም ብቻውን ቆመ፤ አንድ በሬ አያርስም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር «ጦም ያደረ መሬት ለሌላ ይሰጣል፤ ኋላ አልሰማሁም እንዳትይ» ብሎኝ ሄደ። ይሰጥ፣ አልሁ። የእኔ ሲሄድ የእነሱም አብሮ ይሄዳላ! አያችሁ ወንድሞች፣ ቅናት እዚህ ያደርሳል።

አንድ ጥዋት ውኃ ልቀዳ ስወጣ አበጀና ውዴ በዶማ ሲቆፍሩ አየሁ። አበጀ ሦስት ጊዜ ቆፍሮ ዶማውን ይደገፋል። ቀረብ ብል የሚቆፍሩት የእኔን መሬት ነው።

«የማንን መሬት ነው የምትቆፍሪ?» አልኋት።

«ያንቺን። ሊቀመንበሩ ሳይቀድመን ብለን ነው።»

«ማን ለመናችሁ?»

«በሬውን ከለከልሽን እንጂ መሬቱን መች ከለከልሽን?» አለች፣ ላቧን በመቀነቷ ጫፍ እየጠረገች።

ያን ጊዜ ገነፈልሁ። «ጌታሽ ያንቺን ባል አስነሥቶ የእኔን ስለ ምን ወሰደው? አንድ ጸሎት፣ አንድ መርፌ! ንገሪኛ!»

መልሷን ልጠላው ተዘጋጅቼ ነበር። ውዴ ዶማዋን ጣለች። «አላውቅም እታለም። እኔም ጠይቄዋለሁ፤ አልነገረኝም። አበጀ እህል በቀመሰ ቁጥር ያንቺን በር እያየሁ አፍራለሁ» ብላ ማልቀስ ጀመረች። አበጀም ባርኔጣውን አውልቆ «አያሌውዬ!» ብሎ ጮኸ። ለቅሶ በተከለከለበት ዓመት የባሌ ለቅሶ እዚያ እርሻ ላይ ተለቀሰ። ሃሌ ሉያ! ጌታን ያገኘሁት እዚያ ነው። አስረድቶኝ አይደለም፤ አብሮኝ አልቅሶ ነው። ስሙ ይባረክ!

በዚያው ጥዋት ቦራን ፈታሁት። ዘግይተን ዳጉሳ ዘራን፣ በቀለልንም። ገበያው ሲከፈት ከውዴ ጋር ቅቤ ተሸክመን ወደ ከተማ ስንገባ እዚህ ሹም አቦ ሰፈር፣ ወደዚህ ቤት አመጣችኝ። እናንተም ተቀበላችሁኝ።

ተፈወስሁ እላለሁ፤ ግን አልዋሻችሁም። አበጀ ቆሞ መዳኑን ሲመሰክር ዛሬም ይወጋኛል። ያን ጊዜ እንዳለ ለጌታ እነግረዋለሁ፤ አንድም ቀን አልተቆጣኝም። ጸልየሽ ያልተነሣልሽ እህቴ፣ ጸልየህ የቀበርህ ወንድሜ፣ ቅናትህን ደብቀህ አትምጣ፤ ይዘኸው ና። የእኔን ተሸክሞታል፣ ያንተም አይከብደውም።

አሁን ጥዋት ጥዋት ቦራንና ዳልቻን ወደ ሐይቁ አወርዳለሁ፤ የሁለቱንም መዥገር እለቅማለሁ።