ቃጭሉ ከሮዜት አንገት የራቀ ዕለት

በዚያን ዕለት ጠዋት ጉም ነበር። ከበረቱ ደጃፍ ቆሜ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ እንኳ አይታየኝም። ግንቦት ሆኖ ሣሩ ላይ ስስ አመዳይ ወርዷል፤ ነፋስ የሚባል የለም። ወንድሜ ሊዮንስ ወጣና ሽቅብ አየ። "እስከ አራት ሰዓት ይገፈፋል። ፎቶ አንሺዎቹ ይቀናቸዋል" አለ። ትልቁን ቃጭል እንዳይጮህ መቺውን በጨርቅ ጠቅልሎ እቅፍ አድርጎ ይዞታል።

ሊዮንስ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ያን ጊዜ ከብቱን ተረከበ፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ አያውቅም። አላገባም። አንዲት የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሦስት ዓመት ስትጠብቀው ቆይታ ሌላ ሰው አገባች፤ እሱም ሠርጓ ላይ ሄዶ ሲጨፍር ዋለ። ከሰው ጋር ወሬ አይሆንለትም። ከላሞቹ ጋር ግን አያታችን ይናገሩት በነበረው በድሮው የአገሩ ቋንቋ ቀኑን ሙሉ ያወራል። በፈረንሳይኛ ስጠራቸው ዘወር ብለው አያዩኝም።

በየዓመቱ በግንቦት የቆላው ከብት ወደ ላይኛው መስክ ይወጣል፣ እስከ ጥቅምትም እዚያው ይከርማል። መንገዱ የመንደራችንን፣ የቫልማርስን፣ መሐል አቋርጦ ነው የሚያልፈው። በልጅነቴ ይህ ሥራ እንጂ በዓል አልነበረም። ሴቶቹ በር ላይ ወጥተው ያያሉ፣ ላሞቹ ያልፋሉ፣ ከዚያ እበቱን መጥረግ ነው። ኋላ ላይ እንግዶች በአውቶቡስ መምጣት ጀመሩ። ቤተ ክርስቲያኑን ይጎበኛሉ፣ ቋሊማ ይበላሉ፣ ከብቱን ፎቶ ያነሳሉ። ለላሞቹ አበባና ባንዲራ ተጨመረ፤ ኮሚቴም ተቋቋመ።

ቀድሞ የሚያልፈው የእኛ መንጋ ነው። በአያታችን ጊዜም እንዲሁ ነበር። ማንም በወረቀት አላሰፈረውም፤ ሰው ሁሉ ግን ያውቀዋል። ሊዮንስ በሕይወቱ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው። በዚያች ቀን ጢሙን ተላጭቶ፣ የአባታችንን ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ ከፊት ይሄዳል።

ከእሱ ቀጥሎ መሪዋ ላም ትሄዳለች፤ ትልቁ ቃጭል የእሷ ነው። መሪ የሚሾመው ሰው አይደለም። ላሞቹ እርስ በርሳቸው ተዋግተው ይጨርሱታል፣ ባለቤቱ አይቶ ቃጭሉን ያስርላታል፣ ያ ነው። የእኛዋ ሮዜት ዘጠኝ ዓመት መርታለች። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷታል፤ ወገቧ ጎብጧል፣ ግራ ቀንዷ ሰባራ ነው።

የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀመንበር ማዳም ክላቪዬር በሚያዝያ ወር ቤታችን መጣች። ጡረታ የወጣች ፋርማሲስት ናት፣ ክፉ ሰው አይደለችም። ወንበር ሳብኩላት።

"ሙሴ ሊዮንስ፣ አይቀየሙኝና፣ የዘንድሮው በዓል ፖስተር ላይ የወጣችው ፔርል ናት" አለች። ፔርል የአራት ዓመት ላማችን ናት። ዳማ፣ ዓይኗ የተኳለ የሚመስል፣ ቀንዶቿ የተስተካከሉ። "ሰው እሷን ለማየት ነው የሚመጣው።"

"ይያታ። ከመሐል አለችለት።"

"ከፊት ትሁን ነው የምልዎት። ሮዜት እኮ ቀንዷ ሰባራ ነው። አበባውን ምኗ ላይ እንሰርላት?"

"በደህናው ቀንዷ ላይ።"

"ኮሚቴው ተነጋግሮበታል፣ ሙሴ ሊዮንስ። ካልሆነ ዘንድሮ ከእናንተ ቀጥሎ የሚያልፈው የቪዳል መንጋ ይቀድማል።"

እኔ ጣልቃ ገባሁ። "እሺ በላት። የአንድ ቀን ነገር ነው። ሮዜት እንደሆን ፖስተር አታነብ፣ አትቀየምህም" አልኩት።

"መቀየሙንስ አትቀየምም። መንገዱን ማን ያሳያቸዋል?"

"አንተ ከፊት አይደል የምትሄደው?"

"እኔን ማን ይከተለኛል ብለሽ ነው" አለና ሳቀ። ማዳም ክላቪዬርም ሳቀች። በመጨረሻ እሺ አለ፤ የአያታችን ተራ በእሱ ዘመን ለሌላ ሲያልፍ ማየት አልፈለገም።

እናም በዚያ ጉማም ጠዋት በፔርል ቀንዶች መሐል የጥድ ቅርንጫፍና የወረቀት አበባ አሰርን። ሮዜት እንደ ልማዷ ቀርባ አንገቷን ዘረጋች። ሊዮንስ አልፏት ሄዶ ቃጭሉን በፔርል አንገት ላይ አሰረውና ጨርቁን ፈታ። ሮዜትን ከኋላ፣ ከእኔ ጋር አደረጋት።

መንደሩ አፋፍ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። ቪዳል አጥሩ ላይ ተደግፎ የራሱን ተራ ይጠብቃል።

"ሊዮንስ! ሙሽራዋን ይዘህ መጣህ? አሮጊቷን የት ጣልካት?"

"ከኋላ ናት። አንተን ካየች ትዋጋለች ብዬ ነው።"

"በአንድ ቀንድ?"

"ላንተማ አንዱም ይበዛል።"

አደባባዩ ጢም ብሏል። አንድ ሰውዬ በድምፅ ማጉያ "ክቡራትና ክቡራን፣ የሙሴ ሊዮንስ መንጋ እየገባ ነው" ይላል። ማርሽ ባንዱ ጡሩንባውን ሲነፋ ፔርል ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ጠዋት በፊት ከፊቷ የሌላ ላም ቂጥ ሳታይ ሄዳ አታውቅም። ሊዮንስ ጠራት፣ ለመናት፣ ጎኗን መታ መታ አደረጋት። እግሯን አንፈራጣ እንደ ቆመች ቀረች። ቃጭሉም ጸጥ አለ።

ቃጭል ጸጥ ካለ ለከብቶቻችን ደርሰናል ማለት ነው። አርባውም ቆሙ። ሮዜት ከጎኔ ሆና ትንሽ ጠበቀች። ግራና ቀኝ አየች። ሣር የለም፣ ያለው ድንጋይና ሰው ነው። ከዚያ ዞረችና ወደ መጣንበት መንገድ ጀመረች። ዱላዬን አጋድሜ ብከለክላትም በአጠገቤ አልፋ ሄደች። አጠገቧ ያሉት ተከተሏት፤ ከዚያ መሐሎቹ፣ ከዚያ ሁሉም። ፔርል አበባው አንድ ጆሮዋ ላይ ተንጋዶ፣ ቃጭሉ እየተንቋቋ፣ ከኋላ ስትሮጥ ደረሰችባቸው። ሰውዬው በድምፅ ማጉያው አሁንም "እየገባ ነው" እያለ ነው። አንድ የአይብ ጠረጴዛ ተገለበጠ፤ ሰው ግን አልተጎዳም።

ካሜራ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት እጄን ያዘችኝ። "ወዴት ነው የሚሄዱት?"

"ወደ ቤታቸው።"

"ይህም የበዓሉ ክፍል ነው?"

"ዘንድሮ አዎ" አልኳት።

ሊዮንስ አልሮጠም። ዱላውን ተደግፎ ከብቱ ሲርቅ ያያል። ማዳም ክላቪዬር እያለከለከች መጣች።

"ሙሴ ሊዮንስ፣ ይመልሷቸው እንጂ! ቪዳል ሊገባ ነው!"

"ይግባ።"

"ቀደመ ማለት እኮ ተራው የእሱ ሆነ ማለት ነው። ከርሞ መልሱልኝ ቢሉ ማንም አይሰማዎትም።"

ሊዮንስ መንገዱን አየ፣ እሷን አየ። "የቪዳል ይሁን" አለና ከብቱን ተከትሎ ሄደ።

ቤት ስደርስ ላሞቹ በረት ገብተው ነበር። "የአያታችንን ተራ እንዲሁ ሰጠኸው?" አልኩት።

"አያታችን የቀደሙት ለመታየት አይደለም። በረታችን ለመንገዱ ስለሚቀርብ ነው።"

"ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሊዮንስ።"

"እሺ ያልኩት እኔ ነኝ" አለ። ከዚያ ወዲህ አንስተነው አናውቅም።

ከሰዓት በኋላ የመንደሩ ሰው ሁሉ በአዳራሹ ረጅም ጠረጴዛ ተቀምጦ በአይብ የተለወሰ ድንች ሲበላ፣ ሊዮንስ ቃጭሉን ከፔርል ፈትቶ ለሮዜት አሰረላት። አበባም ባንዲራም አላደረገላትም። ራሷን አንዴ ነቀነቀችና ወጣች። በዚያው አደባባይ አለፍን። መሬቱ እበትና የተረገጠ ወረቀት ሆኗል፤ ከአዳራሹ አኮርዲዮን ይሰማል። አንድ አስተናጋጅ በር ላይ እያጨሰ አየንና ባርኔጣውን አነሳ። ሌላ ያየን ሰው የለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ላይኛው መስክ ደረስን።

በዓመቱ ከኮሚቴው ደብዳቤ መጣ። ቪዳል አንደኛ፣ እኛ ሦስተኛ ተደርገናል። ሊዮንስ አንብቦ ሲያበቃ እሳት ማያያዣ አደረገው። እኔ አንደኛ ባንሆንም ከመቅረት ሦስተኛ መሆን ይሻላል ባይ ነበርኩ፤ አልሰማኝም። ከብቱን በበዓሉ ማግስት አወጣ፤ ከዚያ ወዲህም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ኮሚቴውም መጻፉን ተወ። ሮዜት ሁለት ክረምት ቆይታ በረት ውስጥ ሞተች። ቃጭሉን የወሰደችው ፔርል አይደለችም፤ ማንም ልብ ብሎ ያላያት አንዲት አጭር ላም ናት።

ሊዮንስ አሁን ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ጉልበቱን ያመዋል፤ ከብቱ ወደ ሠላሳ ወርዷል። ዘንድሮም በበዓሉ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከእኔ ጋር አወጣቸው። ላይኛው መስክ ላይ፣ የድንጋይ ጎጆው ውስጥ ነው ያለው። ጥቅምት ላይ ይወርዳል።