ትርንጎ ያልገባችበት በር

ባለፈው ሰንበት የወንድሜ ልጅ ሰላም ስልኳን ይዛ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። ድንች እየላጥሁ አየት ባደርግ፣ ስክሪኑ ላይ ካሬ ካሬ ነጠብጣቦች ተገጣጥመው የሠሯት ትንሽ ልጅ ትሄዳለች። «አሮጌ አስመስለው የሠሩት ጌም ነው አክስቴ» አለችኝ። ድንቹ ከነቢላው እጄ ላይ ቀረ።

እንዲህ ያለች ልጅ አውቃለሁ። ደባርቅ ላይ ገና ኮረዳ ሳለሁ፣ አባቴ በቅሎ እየጫነ ተራራ ሊያዩ የመጡ ፈረንጆችን ስሜን ላይ እስከ ጨነቅ ያደርስ ነበር። አንድ ጊዜ ሲመለስ መዳፍ የምታህል ግራጫ ነገር ከኪሱ አውጥቶ ለታላቅ እህቴ ለትርንጎ ሰጣት። «የታመመች ልጅ አለችኝ ብላት ጊዜ ፈረንጇ ሰጠችኝ። ጌም ነው አሉ።»

ትርንጎ ልቧ ታማሚ ነበር። ከአልጋዋ ተነሥታ ደጃፍ እስክትደርስ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ቀኑን ሙሉ የበግ ጠጉር ባና ተከናንባ የትራስ ጨርቅ ትጠልፍ ነበር። ሥዕሉን እንዳየች ሳቀች።

«አይ! ይሄማ የኔ ጥልፍ ነው፤ እግር አወጣ እንጂ!»

ጌሙ የሕልም ዓይነት ነበር። ልጅቱ ጣራ በሌላቸው ቤቶች መካከል ትሄዳለች። ዓሦች በሰማይ ይበርራሉ። ጭንቅላቱ ጨረቃ የሆነ ሰውዬ መንገድ ላይ ያቆማትና አንድ ነገር ይላታል። የሚለው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይወጣል፤ ሁለታችንም አናነበውም። ስለዚህ ትርንጎ አዝራሩን ትጫናለች፣ እኔ እናገርላቸዋለሁ።

«እሺ፣ ምን አላት?»

«ከዳባት ገበያ ስትመለሺ ጥላዬን አላየሽልኝም ወይ አላት።»

«ጨረቃን ደግሞ ዳባት ምን ወሰደው?»

«ጨው ሊገዛ ነዋ!»

እስኪያስላት ትስቃለች። እናታችን ከማጀት «አንቺ ወሬኛ፣ ልጄን በሳቅ ልትፈጂብኝ ነው?» ትለኛለች።

ችግራችን የባትሪ ድንጋይ ነበር። ድንጋዮቹ ሲደክሙ እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ እናሰጣቸዋለን፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ። ጌሙ ደግሞ አንዴ ከጠፋ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከተራራው ወርዶ ግቢያችን ውስጥ ተኛ። ፈረንጅም ፀሐይም ጠፋ፤ አዲስ ድንጋይ የሚታሰብ አልነበረም። ያኔ ትርንጎ ድንጋዮቹን በየብብቷ ሥር አድርጋ ታሞቃቸው ጀመር። «ትኩሳቴ እንኳ ለቁም ነገር ይዋል» ትላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ደርሰንበት የማናውቀው ቦታ ደረስን። ልጅቱ ትልቅ በር ፊት ቆመች። ትርንጎ አዝራሩን ተጫነች። በሩ ገርበብ ሲል መስተዋቱ ፈዘዘና ጠፋ። ድንጋዮቹን ብናሞቃቸው፣ ብንነክሳቸው፣ እምቢ አሉ።

ብዙም ሳይቆይ እግሯ አበጠ። ጎንደር ሆስፒታል ትወሰድ ተባለና አባቴ አዝሎ አውቶቡስ ውስጥ አስቀመጣት። እኔ በመስኮቱ የገብስ ቆሎ በመሐረብ ቋጥሬ አቀበልኋት። መሐረቡን ትታ እጄን ያዘችው።

«በይ ንገሪኛ። ከበሩ ኋላ ምን አለ?»

«አላየሁትም እኮ!»

«የቀረውንስ መቼ አይተሽው ነው?»

ጣራ ያለው ቤት አለ አልኋት። እሳት ይነድዳል። ልጅቱ ከበሩ እስከ ምድጃው በሩጫ ትሄዳለች፣ ትንፋሿም አይቆራረጥም። ታናሽ እህቷ ቦታ አሙቃ ትጠብቃታለች።

ትርንጎ አልሳቀችም። «አዎ፤ እንዲያ ነው» አለች። አውቶቡሱ ጭቃውን እየረጨ ወደ ዳባት ሄደ።

የተመለሰችው ፊቷ ሳይቀር በባናዋ ተጠቅልላ ነው።

ግራጫዋ ነገር እስከ ዛሬ ሣጥኔ ውስጥ አለች። ይህን ሁሉ ስነግራት ሰላም ብድግ አለች። «ድንጋይ እኮ ሱቅ ሞልቷል አክስቴ! ገዝተን በሩን እንክፈተዋ!»

ተዪው አልኋት። እንግሊዝኛውን ከጊዜ በኋላ ፊደል እየቆጠርሁ ራሴን አስተምሬያለሁ፤ ጨረቃው ሰውዬ በእውነት ምን ይል እንደነበር ባነብ አይከፋኝም። በሩ ግን ሌላ ነው። ከኋላው ጨለማ ብቻ ቢሆንስ? ልጅቱን መልሶ ጣራ ወደሌላቸው ቤቶች ቢሰድዳትስ? ትርንጎ ያንን መንገድ የሄደችው እኔ የነገርኋትን ይዛ ነው። ሌላ ስንቅ አልነበራትም።

ሰላም መልሳ ተቀመጠች። ስልኳን አጠፋችና ወደ እኔ ዞረች።

«እሺ፣ ጨረቃው ጨውን ገዛ?»

ድንቼን አንሥቼ መንገር ጀመርሁ።