እማዬ፣ አትተንፍሺ

ትናንት ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ዝናብ የመታው የእድር ድንኳን ሸተተኝ። ወዲያው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ፤ መቱ ከተማ፣ ግቢያችን ውስጥ ቆሜያለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ደረጄ ከአንድ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ካሜራ ተውሶ አጭር ፊልም እየሠራ ነበር። ለቅሶው እውነት እንዲመስልለት የእድሩን ድንኳን ለምኖ አስተከለ። ሬሳ ሆኖ የሚተኛለት ሰው ሲያጣ እማዬን አስተኛት። ነጠላ ከራሷ እስከ እግሯ አለበሳትና፣ "እማዬ፣ ደረትሽ ይነሳል፤ አትተንፍሺ!" ብሎ ተቆጣ።

ይሄኔ ጎረቤታችን እትዬ ጫልቱ ከገበያ ሲመለሱ ድንኳኑን አዩ። ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቁ ዘንቢላቸውን ጥለው "ዋዮ! ዋዮ!" እያሉ ገቡ፤ እማዬ እግር ላይ ወድቀው ደረታቸውን ይደቁ ጀመር። ደረጄ መቅረጹን አላቆመም።

እማዬ ነጠላውን ገልጣ ስትነሳ እትዬ ጫልቱ ደረጄ ላይ ጮኹ።

"በቁሙ ላለ ሰው ይለቀሳል? ነውር አይደለም?"

"ተይው ጫልቱዬ" አለች እማዬ፣ እንባቸውን እየጠረገችላቸው። "ለቅሶዬን ሰምቼው ልሂድ።"

እኔ ሳቅኩ። በየሳምንቱ ሆስፒታል የምትመላለሰው ለምን እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም።

በዚያው ክረምት ድንኳኑ እንደገና ተተከለ። ደረጄ ፊልሙን አልጨረሰውም። ከእማዬ የቀረን ተንቀሳቃሽ ምስል ግን እሱ ብቻ ነው። ሁለታችን ስንከፍተው ነጠላው ደረቷ ላይ ከፍ ዝቅ የሚልበትን፣ ያን የተቆጣባትን ቦታ፣ እየመለስን እናያለን።